የበሩ ዳር ግድግዳ፦ ከነሐሴ እስከ ገና

ነሐሴ 24፣ ቅዳሜ

እማዬ ጠዋት ደውላ «ያ ግድግዳ ዘንድሮም አላበው» አለችኝ። «ያ ግድግዳ» ሲባል ቤተሰቡ በሙሉ የቱ እንደሆነ ያውቃል። ከሳሎን ወደ ግቢ የሚያስወጣው በር ግራና ቀኝ ነው። ሲበላሽ ይህ ሦስተኛው ነው።

ቤቱ ሽሮ ሜዳ ነው፤ ከእንጦጦ ሥር። እዚህ ክረምት ሲገባ ቀልድ አያውቅም። መሠረቱ ድንጋይ ነው፤ ድንጋዩ ከሳሎኑ ወለል በላይ ሁለት ስንዝር ያህል ብቅ ይላል። ከዚያ በላይ ያለው እንጨትና ጭቃ ነው። አባቴ በሕይወት እያለ ውስጡንም ውጩንም በሲሚንቶ አስለሰነው። ያኔ የጭቃ ቤትን ሲሚንቶ ማልበስ ኑሮ ተሻሻለ ማለት ነበር። ከታች እስከ ደረት ድረስ ደግሞ፣ እንደ ብዙው የአዲስ አበባ ቤት፣ የዘይት ቀለም ተቀባ። የልጅ እጅ ሲያቆሽሸው በእርጥብ ጨርቅ እንዲጠረግ።

ከሰዓት ሄጄ አየሁት። በግራ በኩል ከወለሉ እስከ ወገቤ ድረስ ቀለሙ አረፋ አረፋ ሠርቷል። ልስኑ ቦርጭ አውጥቷል። አንዱን አረፋ በጣቴ ስጫነው ነጭ ዱቄት ረገፈ። በመቃኑ ጥግ ጥቁር ሻጋታ አለ። ሽታውን በክረምት የጭቃ ቤት ውስጥ የኖረ ሰው ያውቀዋል።

የመጀመሪያው ጊዜ ጉዳቱ ከጉልበት በታች ነበር። የረገፈውን አንስተን በሲሚንቶ ደፈንነው። ሁለተኛው ጊዜ የእህቴ ሠርግ ደርሶ ነበርና ጀሶ ተለቅልቆ በላዩ የዘይት ቀለም ተደገመበት። ያን ጊዜ ከጉልበት ከፍ ብሎ ነበር። አሁን ወገብ ደርሷል። ቆሜ ሳስበው ይሄ ነው ያስደነገጠኝ። ባደስነው ቁጥር ወደ ላይ ይወጣል። በዚህ አካሄድ ማብሪያ ማጥፊያው ጋ ለመድረስ አንድ እድሳት ነው የቀረው።

ነሐሴ 25

በመዶሻ እጀታ ግድግዳውን ቀስ እያልኩ አንኳኳሁት። ደህናው ልስን ድፍን ድምፅ ይሰጣል። የለቀቀው እንደ ባዶ ጀሪካን ይጮኻል። ባዶ የጮኸውን ሁሉ በእርሳስ ከበብኩ። በግራ አንድ ሜትር ስፋትና አንድ ሜትር ከአርባ ቁመት ሆነ። ከሚታየው ጉዳት እጥፍ ማለት ነው። በቀኝ በኩል ግን ከክንድ አይበልጥም።

ከዚያ የላስቲክ ሙከራ። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር ላስቲክ ቆርጬ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። በማግስቱ ጤዛው የሚታየው ከላስቲኩ ፊት ለፊት ከሆነ እርጥበቱ የመጣው ከክፍሉ አየር ነው፤ ከእንፋሎት፣ ከወጥ፣ ከትንፋሽ። ከላስቲኩ ጀርባ ከሆነ ከግድግዳው ነው።

እማዬ አይታ «አሁን ደግሞ ግድግዳው ላይ ምን ለጠፍክ?» አለች። «ምርመራ ነው» አልኳት። «ውጤቱ መቼ ነው?» አለችኝ፣ እየሳቀች።

ነሐሴ 26

ጀርባው ላይ። ጠብታው እስኪንከባለል ድረስ።

ጳጉሜ 3

ዛሬ ሩፋኤል ነው። ከሥራ ስመለስ ዝናቡ ጀመረ። የሰፈሩ ልጆች ልብሳቸውን አውልቀው ይጠመቃሉ። እኔ ጃንጥላ ይዤ ከበሩ ውጭ ቆምኩ። እስከዛሬ ማናችንም ይህን አላደረግንም። ዝናብ ሲመጣ ሁላችንም ወደ ውስጥ ነው የምንሮጠው። ውሃው ከየት እንደሚገባ ያየ ሰው አልነበረም።

ሃያ ደቂቃ ያህል ቆምኩ። አራት ነገር አየሁ።

የአሸንዳው መጋጠሚያ ልክ ከበሩ በላይ በግራ በኩል ተላቋል። ውሃው ወደ ቱቦው ሳይደርስ እዚያው ይወርዳል። የወረደው የግቢው ሲሚንቶ ላይ ይመታና ወደ ግድግዳው ይረጫል። ሲሚንቶው ራሱ ተዳፋቱ ወደ ቤቱ ነው። ግቢው ባለፉት ዓመታት ሁለት ጊዜ ተሞልቶ ተለብጧል። በዚህ የተነሳ የውጩ መሬት ከሳሎኑ ወለል ከፍ ብሎ ቀርቷል። ድንጋዩ መሠረት ጭቃውን ከመሬት ለማራቅ ነበር የተሠራው። እኛ መሬቱን አንስተን ወደ ጭቃው አመጣንለት።

ሦስተኛው የእማዬ ጤና አዳም ነው። ከበሩ በስተግራ፣ ግድግዳውን ተደግፎ፣ በብሎኬት የተከበበ መደብ አለ። ጤና አዳምና ጥቂት ጠጅ ሳር። በየማለዳው ውሃ ይጠጣል፤ በጋ ከክረምት።

አራተኛው በዝናቡ የሚታይ አይደለም። ግድግዳው ላይ ያለችውን የብረት ቀለበት ሳይ ነው ትዝ ያለኝ። በዓል በመጣ ቁጥር በግ የሚታሰረው እዚህ ነው። የበግ ሽንት ወደ መሬቱ ይሰርጋል፤ ሲበሰብስ ናይትሬት የሚባል ጨው ይተዋል። ይህ ጨው ከውሃው ጋር ግድግዳው ውስጥ ይወጣና እዚያው ይቀራል። ጨው ደግሞ ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። የገበታ ጨው በክረምት እንደሚወዛው ማለት ነው። ያ ነጭ ዱቄት ይሄው ነው፤ የሲሚንቶውም ጨው ሳይጨመርበት አይቀርም።

መስከረም 3፣ ቅዳሜ

ስለ ልስን ገና አላሰብኩም። ዛሬ የውሃ ሥራ ብቻ።

አሸንዳውን ቆርቆሮ ሠሪ መጥቶ ጠገነው። እኔና አንድ የቀን ሠራተኛ በግድግዳው ጥግ ያለውን ሲሚንቶ በአርባ ሳንቲ ሜትር ስፋት ሰብረን አነሳን። ከሥሩ ያለውን አፈር የድንጋዩ መሠረት እስኪታይ ቆፈርን፤ ከወለሉ አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ እስኪል። አፈሩ እንደ ሊጥ ነበር። ቦታውን በጠጠር ሞላነው፤ ውሃው ተንጣሎ እንዳይቀር ጫፉን ወደ ቦዩ አወጣነው።

ጤና አዳሙ ነው ያጨቃጨቀን።

«እሱን አትንካ።»

«እማዬ፣ ግድግዳውን እያጠጣሽ ነው እኮ።»

«እኔ ጤና አዳሜን ነው የማጠጣ። ግድግዳው ምን አገባው?»

በመጨረሻ በሁለት ትልልቅ የዘይት ቆርቆሮ ተተክሎ ወደ አጥሩ ዳር እንዲሄድ ተስማማች። ከበሩ ስድስት እርምጃ ያህል ነው። ቡና በተፈላ ቁጥር ይህን መንገድ ትሄዳለች ማለት ነው። እስከ ማታ አላናገረችኝም።

መስከረም 10፣ ቅዳሜ

ማፍረስ። ቀላሉ ሥራ ይሄ ይመስላል፤ አይደለም።

መጀመሪያ ቆጣሪው ጋ ሄጄ መብራት አጠፋሁ። ደግ አደረግኩ። የማብሪያ ማጥፊያው ሽቦ ቱቦ ሳይኖረው እንዲሁ ልስኑ ውስጥ ነው የተቀበረው። መሮዬ ሁለት ጣት ሲቀረው አየሁት።

የቆየ የዘይት ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል ደረቁን አልፋቅኩም። ውሃ እየረጨሁ፣ አፍንጫዬን ሸፍኜ፣ ከነልስኑ በትልልቁ ነው ያወረድኩት። ፍርስራሹን በማዳበሪያ ከረጢት አሰርኩ። እማዬ ሶፋዎቹን በአሮጌ አንሶላ ሸፍና ወደ ጎረቤት ሄደች። «ተመልሼ የማየው ነገር ያስፈራኛል» ብላ።

የለቀቀው ልስን በእጅ ይነሳል። ያልለቀቀው ግን ከጭቃው ጋር ተያይዞ ነው የሚወርደው። ሲሚንቶው እንዲይዝ ተብሎ ጭቃው ላይ ወንፊት ሽቦ ተመቶ ነበር፤ ሽቦው ዝጎ እንደ ብስኩት ይሰበራል። ከሲሚንቶው ጀርባ ያለውን ጭቃ በእፍኜ አነሳሁት። ጨመቅኩት። ጣቶቼ ላይ ቅርጽ ይዞ ቀረ። ውጭ ዝናቡ እየቀነሰ ነው፤ ውስጡ ግን ዛሬ የተቦካ ይመስላል።

ያን ጊዜ ነው ጉልበት፣ ከጉልበት በላይ፣ ወገብ ያልኩት ነገር በደንብ የገባኝ። ኩራዝ ያበራ ሰው ያውቀዋል፤ ጋዙ በክሩ ወደ ላይ ይወጣል። ውሃም በጭቃና በድንጋዩ መጋጠሚያ እንደዚያው ይወጣል። ግድግዳው ክፍት ከሆነ ትንሽ እንደወጣ ወደ አየር ይተናል። ሲሚንቶና የዘይት ቀለም ሲደረብበት ግን መውጫ ያጣል። ስለዚህ መውጫ እስኪያገኝ ወደ ላይ ይሄዳል። እኛ በየጊዜው መውጫውን ከፍ እያደረግንለት ነበር። ጀሶው ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው። ጀሶ ውሃ በነካው ቁጥር ይለሰልሳል፤ እርጥብ ቦታ ላይ ቦታ የለውም።

መጥፎው ዜና ማታ መጣ። ከመቃኑ ጀርባ ያለውን ቋሚ እንጨት በካቻቢቴ ስወጋው እስከ እጀታው ገባ።

መስከረም 11

ከሰፈራችን አንድ አዛውንት ግንበኛ አሉ። ሥራ ካቆሙ ቆይተዋል፤ ሁላችንም «አባባ» ነው የምንላቸው። እማዬ ናት የጠራቻቸው። ሲገቡ ግድግዳውን አላዩም። መጀመሪያ ወደ ውጭ ወጥተው ጠጠሩን በከዘራቸው ነካኩ። ከዚያ አሸንዳውን ቀና ብለው አዩ። «እህ» አሉ። በዚህች «እህ» ብዙ ደስ አለኝ።

ውስጥ ገብተው ፍርስራሹን አገላበጡ።

«ምን አደረጋችሁት ይሄን ቤት? የዝናብ ካፖርት አልብሳችሁ እግሩን ኩሬ ውስጥ አቆማችሁት እኮ።»

«አባባ፣ አሁን በምን ልመርገው?»

«በምን ተሠራ?»

«በጭቃ።»

«ታዲያ ምን ትጠይቀኛለህ?»

ከዚያ ተቀምጠው ቡናቸውን እየጠጡ በዝርዝር ነገሩኝ። ድንጋዩ በኖራና በአሸዋ፣ ከድንጋዩ በላይ ያለው በጭቃና በጤፍ ጭድ፣ መጨረሻ ላይ የኖራ ቅብ። ሲሚንቶ አንድ ማንኪያ እንኳ እንዳትጨምር አሉኝ። «ጠንካራ ነገር ለስላሳ ነገር ላይ አይቀመጥም። ጭቃው ሲያብጥና ሲሟሽሽ ሲሚንቶው አብሮት አይሄድም፤ ይለያያሉ።» የጎንደርን ግንብ የያዘው ኖራ ነው ብለውም አከሉ። እውነታቸውን ነው፤ ፋሲል በነገሠበት በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሲሚንቶ ማን ያውቅ ነበር።

ቋሚውን አይተው ጣታቸውን ወደ ቀጣዩ እንጨት ቀሰሩ። እሱ ደህና ነው። ለካ ጥድ ነው። የበሰበሰው ባሕር ዛፍ ነው፤ አባቴ በሩን ሲያሰፋ ያስገባው። አንድ ግድግዳ፣ አንድ ውሃ፤ ጥዱ እንዳለ ነው፣ ባሕር ዛፉ አልቋል።

ሲወጡ ጠየቅኳቸው፤ መቼ ልጀምር?

«ሲደርቅ።»

«መቼ ይደርቃል?»

«እሱን ግድግዳውን ጠይቀው።»

መስከረም 18

ትናንት መስቀል ነበር፤ የደመራው አመድ ገና ግንባሬ ላይ ነው። ዛሬ ጭቃ።

ቀይ አፈር እዚሁ ሰፈር አለ። ጥቁር አፈር ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ አይሆንም። አፈሩን በወንፊት ነፍቼ ድንጋዩን ለየሁ። ግቢው ጥግ ላይ እንደ ጎድጓዳ ሳህን አድርጌ ከመርኩት፣ ውሃ አጠጣሁት፣ በጤፍ ጭድ ሸፈንኩት። ከዚያ ሱሪ ሰብስቦ መርገጥ ነው። የእህቴ ልጆች በነጻ ረገጡልኝ። እንዲያውም ገንዘብ ብጠይቃቸውም የሚከፍሉኝ ይመስላሉ።

ጭቃው አሁን ሥራ ላይ አይውልም። ሦስት ሳምንት ያህል ይብላላል። በየሦስት ቀኑ ውሃ እየጨመርኩ እረግጠዋለሁ። ጭዱ ሲበሰብስ ጭቃው ይሟለጫል፣ ይጣበቃል። ሽታው ግን፣ ለጎረቤቶቼ ይቅርታ።

መስከረም 24፣ ቅዳሜ

አናጢ መጣ። ጉበኑን በሁለት እንጨት ደግፈን የቋሚውን የበሰበሰ ክፍል ቆረጥነው። አርባ አምስት ሳንቲ ሜትር። በምትኩ ደረቅ ጥድ ገባ። መጋጠሚያው ግማሽ በግማሽ ተደራርቦ በሁለት ብሎን ታሰረ። የታችኛው ጫፍ የተቃጠለ የመኪና ዘይት ጠጣ፤ ለምስጥ ነው። አፈር ውስጥ አልተቀበረም፤ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ነው የቆመው። ዘይት በነካው ቦታ ጭቃ ስለማይይዝ በላዩ ቀጫጭን ማገር መታንበት።

በሩ አሁን ያለ ግፊያ ይዘጋል። ለአሥር ዓመት ያህል በትከሻ ነበር የምንዘጋው። ችግሩ ከበሩ ይመስለን ነበር።

ጥቅምት 1

ምንም አልሠራሁም። ማለትም ሥራው ይሄ ነው።

ፍርስራሹን ካነሳሁ ጀምሮ በየቅዳሜው የእርጥቡን ዳር በእርሳስ አሰምራለሁ፤ አጠገቡ ቀን እጽፋለሁ። መስከረም 10 ወገብ። መስከረም 17 ከወገብ አራት ጣት ዝቅ። መስከረም 24 ጭን። ዛሬ ከጉልበት ትንሽ በላይ። የአገር ካርታ መስሏል። ልጆቹ አንዱን መስመር ዓባይ ብለውታል።

ግድግዳው ሲደርቅ ጨው ያወጣል። ነጭ፣ ለስላሳ፣ እንደ ጥጥ። በደረቅ ብሩሽ ጠርጌ በአካፋ ሰብስቤ ከግቢ አወጣዋለሁ። በውሃ ማጠብ አይገባም፤ ጨው በውሃ ይሟሟና ተመልሶ ወደ ውስጥ ይገባል። ይህን የማያውቅ ሰው ቤት ውስጥ አለ። እማዬ ሐሙስ ዕለት «አቧራ በዛ» ብላ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋዋለች። ዝም አልኩ።

አንዱ ጎረቤት ከሰል አንድደን ማታ ማታ በሩን እየዘጋን እንድናደርቀው መከረ። በፍጹም። የከሰል ጭስ በተዘጋ ቤት ሰው ይገድላል። ከዚያ ውጭም ግድግዳ በኃይል ሲደርቅ ላዩ ብቻ ነው የሚደርቀው። ቀን ቀን በርና መስኮት ከፍቶ ነፋስ ማስገባት ይበቃል።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

ሌሊት ያልታሰበ ዝናብ ጣለ። ጠዋት ስደርስ ዓባይ ሞልቷል።

አሸንዳው ነው። ቆርቆሮ ሠሪው መጋጠሚያውን በሪቬት አስሮ ሲሊኮን ሞልቶበት ነበር። ያን ቀን ግን ቆርቆሮው እርጥብ ነበር፤ እኔም አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ። «ይይዛል ወይ?» አላልኩም። ሲሊኮን እርጥብ ላይ አይይዝም። ሙሉ በሙሉ ተላቆ እንደ ማስቲካ ተንጠልጥሏል። መሰላል አወጣሁ፣ ቆርቆሮውን በጨርቅ አደረቅኩ፣ ዝገቱን ፋቅኩ፣ ፀሐይ እስኪያሞቀው ጠበቅኩ፣ እንደገና ሞላሁት። ሲደርቅ በባልዲ ውሃ ደፍቼ ሞከርኩት። በመጀመሪያው ቀን ማድረግ የነበረብኝ ይህን ነበር። አንድ ሳምንት አከሰረኝ።

እማዬ የኅዳር ሚካኤል ማኅበር የእሷ ተራ መሆኑን ዛሬ ነገረችኝ። ኅዳር 12። «ይደርሳል አይደል?» አለች። ግድግዳውን ጠይቂው ልላት ነበር።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

የእርሳሱ መስመር ድንጋዩ ጋ ወርዷል። ጭቃው ደርቋል፤ ጥፍሬን ስሰድበት ዱቄት ይሆናል። ዛሬ ኖራ።

አሸዋውን ፈተንኩት። በሃይላንድ ጠርሙስ ግማሽ ድረስ አሸዋ፣ ከዚያ ውሃ፣ ጥቂት ጨው፣ መነቅነቅና ማስቀመጥ። አሸዋው ቶሎ ይወርዳል፤ አፈሩ በላዩ ቡናማ ሽፋን ይሠራል። የአፈሩ ውፍረት ከጠቅላላው 6 በመቶ ከበለጠ አሸዋው ይታጠባል። የእኔው ከአንድ ጣት በላይ አፈር አወጣ። አጠብኩት። ግማሽ ቀን ሄደ።

ኖራውን ከሐሙስ ጀምሮ በበርሜል ውሃ ዘፍዝፌዋለሁ፤ እርጎ መስሏል። አንድ ጣሳ ኖራ ለሦስት ጣሳ አሸዋ። ውሃ ብዙም አልጨመርኩም፤ ይልቁን ደጋግሜ ቀጠቀጥኩት። ጓንትና መነጽር ግዴታ ነው። ኖራ ዓይን ውስጥ ከገባ ያቃጥላል፤ በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ አጥቦ ሐኪም ጋ መሮጥ ነው። ቆዳም ይበላል።

ድንጋዩን ውሃ ረጭቼ መታሁበት። ማታ ሳየው ኩራት ቢጤ ተሰማኝ።

ጥቅምት 16

ኩራቱ ተሰነጠቀ። እንደ ኤሊ ጀርባ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። በአንድ ጊዜ ከሁለት ሳንቲ ሜትር በላይ ጫንኩበት። በሩ ክፍት ስለነበር የከሰዓት ፀሐይ በቀጥታ መታው። ኖራ እንደ ሲሚንቶ አይደርቅም። የኖራ ድንጋይ በ900 ዲግሪ ገደማ ሲቃጠል ያጣውን አየር ቀስ በቀስ መልሶ እየሳበ ነው ድንጋይ የሚሆነው። ለዚያ ደግሞ ርጥበት ይፈልጋል። በአንድ ከሰዓት ካደረቅከው አሸዋ ብቻ ይዘህ ትቀራለህ።

አነሳሁት። እንደገና፣ በአንድ ጊዜ ከትንሽ ጣት ያነሰ ውፍረት። እርጥብ ጆንያ ሰቀልኩበት። ለአራት ቀን እማዬ ጠዋትና ማታ ጆንያውን ታረጥባለች። «ውሃ አታጠጪ ብለህ ስትጨቀጭቀኝ ከርመህ» አለች። መልስ አልነበረኝም።

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ

ትናንት ከሥራ መልስ የኖራው ሁለተኛ ድርብ ተመታ፤ ጆንያው ተመልሶ ተሰቅሏል። ዛሬ ከላይ የጭቃው ተራ ነው። አባባም ሳይጠሩ መጡ፤ ሽታው ጠርቷቸው ይሆናል።

የተብላላውን ጭቃ ከአዲስ ጭድና ከትንሽ አሸዋ ጋር ረግጠን ትንሽ ናሙና ቀድመን ግድግዳው ላይ ለጥፈን ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ብቻ ነበረው። ደህና ነው አሉ። ስንጥቁ ሰፊ ቢሆን ጭድና አሸዋ ይጨመር ነበር።

አሮጌው ጭቃ የአዲሱን ውሃ እንዳይመጥ መጀመሪያ ይረጠባል። ከዚያ ጭቃው በእጅ ይወረወራል። መለጠፍ አይደለም፣ መወርወር። አባባ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው «በርታ፣ ተናደድበት» ይሉኛል። ማገሩ መሃል ገብቶ እንዲይዝ ነው። የመጀመሪያው ድርብ ሻካራ ሆኖ ቀረ፤ ሁለተኛው እንዲይዝበት በጣቴ ጫርኩት።

የመብራቱን ሽቦ ቱቦ አስለብሼዋለሁ። በኤሌክትሪክ ሠራተኛ እጅ ነው፤ በእኔ አይደለም።

ጥቅምት 29፣ ቅዳሜ

ሁለተኛው ድርብ። ጭዱ በጣም የደቀቀ፣ ጭቃው በወንፊት የተነፋ። በረጅም ቀጥ ያለ እንጨት ጎተትኩት፣ በእንጨት ማለስለሻ አሸሁት።

የበሩ ጥግ ላይ ከእማዬ ጋር ተጋጨን። እሷ እንደ ድሮው ስለት የመሰለ ጥግ ትፈልጋለች። የጭቃ ጥግ ግን ሹል ከሆነ ሶፋ በነካው ቁጥር ይሸረፋል። ጠርሙስ የሚያህል ክብ አደረግኩት። «አይጥ የበላው መሰለ» አለች። ከሰዓት ግን ልጆቹ ሲሮጡ ትከሻቸው ነካውና ምንም አልሆነም፤ አይታለች።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

ጭቃው ደርቋል። የኖራ ቅብ።

ኖራው እንደ ወተት እስኪቀጥን በውሃ ተበጠበጠ፤ በአሮጌ ነጠላ ተጠለለ። ግድግዳው በጥቂቱ ይረጠባል፤ ከዚያ በሰፊ ብሩሽ። ሲቀባ ምንም አይታይም። ውሃ የቀባህ ነው የሚመስለው። እማዬ መጥታ አየች፤ ግድግዳው ቡናማ ነው።

«ይሄ ነው ቀለሙ?»

«ነገ እይው።»

«ማኅበርተኞቹ ስድስት ቀን ነው የቀራቸው።»

ኅዳር 7

ነጭ ሆኗል። እማዬ ምንም አላለችም፤ ግን መጋረጃውን አጥባ ሰቅላለች።

ሁለተኛው ቅብ ዛሬ። ሦስተኛው ማክሰኞ።

ኅዳር 12

ዛሬ ጠዋት ሰፈሩ በሙሉ ጭስ ነው፤ ኅዳር ሲታጠን። ቤቱ ሞልቷል። ጠላው፣ ዳቦው፣ ሁሉም አምሯል። ግድግዳውም አምሮ ነበር፤ የማኅበሩ እመቤት ተነስተው በሩ ዳር ተደግፈው እስኪቆሙ ድረስ። ጥቁሩ ካባቸው ጀርባው ነጭ በነጭ ሆኖ ተመለሰ። እማዬ አየችኝ። እኔ ኮርኒሱን አየሁ።

ጥፋቱ የማክሰኞ ማታ ነው። ጊዜ አጠረብኝና ሦስተኛውን ቅብ «ቶሎ ይሸፍን» ብዬ አወፈርኩት፤ ግድግዳውንም ሳላረጥብ ቀባሁት። ወፍራም ኖራ ደረቅ ግድግዳ ላይ አይይዝም፤ እንደ ጠመኔ ይለቃል።

ኅዳር 13

የሚለቀውን በደረቅ ብሩሽ ጠርጌ አነሳሁት። ግድግዳውን አረጥቤ ቀጭን ቅብ ደገምኩ። ነገ አንድ ሌላ። ካባውን አራግፈው ለብሰዋል፤ ይቅርታ ጠይቄ መጥቻለሁ። «ልጄ፣ ካባው ይጠራል፤ ግድግዳው ግን አምሯል» አሉኝ።

ዋጋውን ለመጻፍ አስቤ ነበር። ተውኩት፤ ይህን እስክታነቡት ድረስ ተቀይሯል። ከሁሉም በላይ ያስወጣኝ ግን አሸንዳውና አናጢው ናቸው። አፈሩ በነጻ ነው፤ ጭዱም ከነጻ አይተናነስም።

ኅዳር 27

በጥቁር ጃኬቴ ተደግፌ ሞከርኩት። ንጹሕ ነው። የእርሳሱ መስመሮች ከቅቡ ሥር ጠፍተዋል፤ ሰኔ ላይ የማነጻጽርበት እንዲኖረኝ የመጨረሻውን መስመር ከፍታ መቃኑ ጎን፣ በር ሲዘጋ በማይታይበት በኩል፣ ጻፍኩት። ከድንጋዩ በላይ ዜሮ፣ ጥቅምት 15።

በቀኝ በኩል ያለችው ክንድ የምታህል ጉዳት አልተነካችም። ሲሚንቶዋ እንዳለ ነው። ማስረጃ ትሁነኝ ብዬ አይደለም፤ ደክሞኝ ነው።

ታኅሣሥ 27

በግ ተገዛ። ወንድሜ ከመኪና አውርዶ እንደ ልማዱ በቀጥታ ወደ በሩ ወሰደው። ቀለበቷ የለችም፤ መስከረም ላይ በመሮ ነቅያታለሁ። ገመዱን ይዞ ግራ ገብቶት ቆመ።

«የት ልሰረው?»

እማዬ ከኩሽና አንገቷን አውጥታ መለሰችለት፦ «አጥሩ ጋ። ከጤና አዳሜ ግን አርቀው።»